ወንዝ እንደሚሄድ የረሳሁበት ሐሙስ

ቅናት ከጥርስ ጋር አብሮ የሚወልቅ ይመስለኝ ነበር። ጥርሶቼ ከሄዱ ቆይተዋል፤ ቅናቱ ግን ባለፈው ጥር እንደ አዲስ በቀለብኝ። የቀናሁት በሀብታም ወይም በቆንጆ ቢሆን ኖሮ ደረቴን ነፍቼ አወራው ነበር። የቀናሁት ግን የወንዝ ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ በምትቀዳ አንዲት የሰባ ዓመት ሴት ነው።

ሴትዮዋ ዘነበች ትባላለች። አቃቂ በሰቃ፣ ከወንዙ ዳር፣ ከእኔ ቤት ቁልቁል አምስት ደቂቃ ቢኬድ የእሷ ቤት ይገኛል። በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠላሳ ዓመት ሠርተናል፤ እሷ ክር ማጠንጠኛው ጋ፣ እኔ ጽሕፈት ቤት። ጡረታ የወጣነው በአንድ ወር ነው። እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሻለሁ፤ እሷ ከአራተኛ አላለፈችም። ይህን የምጽፈው ለመመጻደቅ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለመመጻደቅም ነው፤ በኋላ ስለምዋረድ አሁን ብመጻደቅ አትቀየሙኝም።

ነገሩ የተጀመረው አንዲት ቦቲ ጫማ ያደረገች ወጣት ሴት ወደ ሰፈራችን በወረደች ጊዜ ነው። መጀመሪያ ያንኳኳችው የእኔን በር ነበር። ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። በበሩ ቀዳዳ ሳይ ሳጥን ተሸክማለች። የሳሙና ዱቄት አዟሪ መሰለችኝና እስክትሄድ ድረስ ትንፋሼን ውጬ ቆምኩ። ሄደች። የዘነበችን በር አንኳኳች። ዘነበች ደግሞ ለማንም በሯን የምትከፍት ሴት ናት፤ ይህ ጸባይዋ አንድ ቀን ጉድ ያመጣባታል እያልኩ ሠላሳ ዓመት ስመክራት ኖሬአለሁ።

ወጣቷ ሕይወት ትባላለች፣ የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ናት። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው ሳሙና ሳይሆን ባዶ ጠርሙስና በረዶ ነው። የምትፈልገው በየቀኑ ጠዋት ልክ በአሥራ ሁለት ሰዓት ከወንዙ አንድ ጠርሙስ ውሃ ቀድቶ የሚያስቀምጥላት ሰው ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ራሷ ከኮዬ ፈጬ በሚኒባስ እየመጣች ትወስዳለች።

በሦስተኛው ቀን ክብሪት ልገዛ ከድር ሱቅ ቆሜ ሳለሁ ዘነበች መጣች። ከድር የስልጤ ሰው ነው፤ ድልድዩ አጠገብ ከሚሸጠው ዕቃ ይልቅ የሚያወራው ወሬ ይበዛል። ዘነበች ብርቱካንማ አንጸባራቂ ሰደርያ ለብሳለች። የጎማ ጓንት አድርጋለች። አንገቷ ላይ እስክሪብቶ በገመድ ተንጠልጥሏል። ዘነበች! እስክሪብቶ!

«እትዬ ዘነበች፣ አስፋልት ሊያነጥፉልን ነው?» አላት ከድር።

«ካርቦን ልቀዳ ነው።»

«ስንት ኪሎ?»

«በሚሊግራም ነው የሚለካው» አለች፤ «አንተ አይገባህም።»

እኔም አልገባኝም ነበር። ክብሪቱን ይዤ፣ መልሱን ሳልቀበል ቤቴ ገባሁ።

አሁን፣ እናንተም እንደ ከድር እንዳትሆኑ፣ የገባኝን ያህል ላስረዳችሁ። ይህችን ልጅ ትምህርቷ የወሰዳት ወደ ሩቅ፣ ሞቃትና ዝናባማ አገር ነው። እዚያ በጫካ የተሸፈነ ሰፊ ረግረግ አለ። የወደቀ ቅጠል፣ የሞተ ሥር፣ የተገነደሰ ግንድ ውሃ ውስጥ ስለሚተኛ አይበሰብስም፤ ለሺህ ዓመታት እየተደራረበ ጥልቅ አፈር ይሆናል። ከዚያ ረግረግ የሚወጣ ወንዝ ቀለሙ የወፈረ ሻይ ይመስላል። ከቅጠሉና ከሥሩ የሟሟው ካርቦን በውስጡ አለና፣ ወንዙ ያንን ይዞ ወደ ውቅያኖስ ይወርዳል። ሰው ረግረጉን በቦይ ካደረቀው ደግሞ የሺህ ዓመቱ ጥሪት ቶሎ ቶሎ ታጥቦ ይሄዳል። በመንገድ ላይ የተወሰነው ወደ አየር ይተናል፣ የተረፈው ባሕር ይገባል። ሕይወት ያን አጥንታ ስትመለስ በዚያው ዘዴ የእኛን ወንዝ ልትለካ ፈለገች። የእኛ ረግረግ የለውም፤ ከላዩ ያለው ከተማ ነው። ከተማው ምን እንደሚያወርድብን እኛ ታች ያለነው በአፍንጫችን እናውቃለን። እሷ በቁጥር ልታውቀው ነው።

ጥር አምስት ቀን የአቦ ማኅበራችን ተረኛ እኔ ነበርኩ። ጠላው ጥሩ ወጥቶልኛል። ግን ስለ ጠላዬ አንድ ሰው እንኳ አልተናገረም፤ ዘነበች እያስተማረች ነበር።

«ሻይ ስታጠሊ ቅጠሉን ማጥለያው ይይዘዋል» አለች ብርጭቆዋን ከፍ አድርጋ። «ቀለሙን ግን ማን ይይዘዋል? ያልፋል። ሟሟ የሚባለው እሱ ነው። እኔ የምቀዳው እሱን ነው። ወንዛችን ተሸክሞት አዋሽ ይገባል፣ አዋሽ ደግሞ ወስዶ ውቅያኖስ ውስጥ ይዘረግፈዋል።»

ሴቶቹ አፋቸውን ከፍተው ያዳምጣሉ። እኔ እንጀራ ይዤ ቆሜአለሁ። በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ ያማረች ደቂቃ አልመጣልኝም። የዘጠነኛ ክፍል የጂኦግራፊ መምህራችን ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካርታ አዋሽን በጣታቸው ተከትለው አፋር በረሃ ሲደርሱ ጣታቸውን ያነሡበት ሁኔታ ፊቴ ድቅን አለብኝ።

«አዋሽ ባሕር አይደርስም» አልኩ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«አይደርስም?» አለች ዘነበች።

«አይደርስም። በረሃ ውስጥ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ዘጠነኛ ክፍል ነው የተማርነው።» ዘጠነኛ የምትለዋን ቃል ረገጥ አደረግኳት።

ዘነበች ብትቆጣ ደስ ባለኝ። አልተቆጣችም። ስልኳን ከጉያዋ አወጣች። «እስቲ ልጠይቃት» ብላ ደወለች፤ ድምፁንም ሁላችንም እንድንሰማ ለቀቀችው።

«ዶክተር፣ ይሄ አዋሽ ባሕር አይደርስም ይባላል፤ እውነት ነው?»

«ውይ እማማ ዘነበች!» አለች ልጅቱ ከስልኩ ውስጥ። «በጣም ትክክል! የጥናቴ ዋናው ጥያቄ እሱ እኮ ነው። እዚያ ያየሁት ወንዝ ካርቦኑን ባሕር ያደርሳል። የእኛ ባሕር ካልደረሰ የተሸከመውን የት ያደርገዋል? ተማሪዎቼ እንኳ ይህን አልጠየቁኝም! እንዴት ያለ ጭንቅላት ነው ያለዎት!»

«እ… ጥያቄው እንኳ…» አለች ዘነበች ወደ እኔ እያየች፤ ስልኩ ግን ተቋረጠ።

ሴቶቹ አጨበጨቡ። ለዘነበች። የእኔን ጥያቄ፣ በእኔ ቤት፣ የእኔን ጠላ እየጠጡ። እኔም አጨበጨብኩ፤ እንጀራው ባንድ እጄ ስለነበር በደንብ አልተሰማም።

በሚቀጥለው ሐሙስ ልጅቱን ድልድዩ ላይ ጠበቅኳት። ለመለመን አልለመድኩም፤ ቢሆንም ከእኔም ቤት ሥር ውሃ እንዳለ፣ እኔም ጠዋት እንደምነሣ፣ ጽሕፈቴም እንደሚነበብ ገለጽኩላት። በትሕትና ሰማችኝ። ወርዳ አየችው።

«ማዘር፣ ከእማማ ዘነበች ጋር አንድ ውሃ ነው» አለችኝ። «ሁለት ቦታ መቅዳት አያስፈልገንም። የእርስዎ ጋ ቀለሙ ጠቆር ያለ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር ነበር።»

እሷ ይህን ብላ ሄደች። እኔ ግን ቆሜ ቀረሁ። ጠቆር ያለ ቢሆን ኖሮ።

ከማኅበሩ የተረፈ ሁለት ጄሪካን አተላ ጓሮዬ ቆሟል። አተላ የጠላ ዝቃጭ እንደሆነ የማያውቅ አንባቢ አይኖረኝም፤ ቀለሙ ምን እንደሚመስልም ማስረዳት አይጠበቅብኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ አተላዬን የሚወስደው በሬ የሚያደልብ ሰው ነው። በማግስቱ መጣ። ተደፋ አልኩት። አልተደፋም፤ ገና ሊደፋ ነው። በእርጅናዬ ዋሸሁ፤ ለዚያውም በሬዎችን።

ሐሙስ ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን አምስት ጉዳይ ሲል፣ ሰው ሳይበዛ አንዱን ጄሪካን እየጎተትኩ ወደ ወንዙ ወረድኩ። በጋ ስለሆነ ወንዙ ቀጥኖ ዳር ዳሩን ነው የሚሄደው። ልጅቱ የምትመጣው አሥራ ሁለት ተኩል ላይ ነው። ደፋሁት። ምን ልበላችሁ፣ አማረ! ከእግሬ ሥር ውሃው ጠቆረ። ያ የሩቁ አገር ረግረግ ራሱ መጥቶ አቃቂ የሰፈረ መሰለኝ። ነጠላዬን አስተካክዬ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ልጅቱ ስትመጣ ምን እንደምላት አሰላሰልኩ። «እኔማ ዛሬ ነው ያስተዋልኩት» እላለሁ፤ ብዙ አልናገርም።

ከዚያ ጥቁሩ ውሃ ተነሥቶ ሄደ።

ወንዝ እንደሚሄድ ማንም ያውቃል። እኔ ደግሞ አዋሽ የት ሄዶ እንደሚቀር ሳይቀር አውቃለሁ። ነገር ግን ያን ዕለት ጠዋት፣ በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ፣ ወንዙን እንደ ሳፋ ነበር ያሰብኩት። ጥቁሩ ውሃ ያለ ምንም ችኮላ ዳር ዳሩን ይዞ ቁልቁል ወረደ። በዓይኔ ተከተልኩት። መታጠፊያው ላይ አንዲት ብርቱካንማ ሰደርያ ጎንበስ ብላለች። አሥራ ሁለት ሰዓት ነበር። ዘነበች አንዲት ደቂቃ እንኳ የማታዛንፍ ሴት ናት።

ልጅቱ ስትደርስ ውሃዬ ጠርቶ ነበር። በወንዛችን አቅም ማለቴ ነው።

በሳምንቱ ሰፈሩ ተናወጠ። የዘነበች ጠርሙስ ከሌላው ቀን ጋር የማይወዳደር ቁጥር አምጥቷል። ሕይወት ከሚኒባስ ስትወርድ ጀምሮ እየሮጠች ሄዳ ዘነበችን አቀፈቻት። ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ መጥተው ዘነበችን ከነጠርሙሷ ፎቶ አነሷት። ከድር ሱቁን ትቶ ወጥቶ አብሮ ተነሣ።

«እትዬ» አለኝ ሲመለስ፣ «እትዬ ዘነበች ውሃዋ ከሁሉ ውሃ ይበልጣል ተባለ። እርስዎ ቤት ያለው ግን ተራ ውሃ ነው አሉ።»

«ተራ አሉ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። እነሱ ምንም አላሉም።»

ይኼኛው ባሰ።

ያን ዕለት ጠዋት ልጅቱ ወደ ዘነበች ቤት ገብታ ትምህርት ስትሰጥ እኔ ሁለተኛውን ጄሪካን አሰብኩ። ስሕተቴን ተምሬአለሁ። በቀጣዩ ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት እንዲያልፍ፣ ዘነበች ቀድታ እንድትገባ ጠበቅኩ። ከዚያ አሥራ ሁለት ከሃያ አምስት ላይ፣ ልጅቱ ልትደርስ አምስት ደቂቃ ሲቀራት፣ ደፋሁት። አተላው ከሦስት ሳምንት በላይ ስላለፈው የጠረኑን ነገር አልነግራችሁም። ልጅቱ ግን ቀረች። ኋላ እንደሰማሁት ከኮዬ ፈጬ ታክሲ አጥታ ነው፤ ጠርሙሶቹን የወሰደችው በማግስቱ ነበር። ጥቁሩ ውሃ እንደ ልማዱ ሄደ። ቀና ብዬ ሳይ ሰደርያዋ እንደገና መታጠፊያው ላይ አለች። ለካ ካለፈው ቁጥር ወዲህ በየግማሽ ሰዓቱ እንድትቀዳ ታዛለች።

በአንድ ወንዝ ሁለት ጊዜ ተሸነፍኩ።

ከዚያ በኋላ ባለው ሐሙስ ልጅቱ ብቻዋን አልመጣችም፤ አለቃዋ የሆኑ ሽበታም ፕሮፌሰር አብረዋት መጡ። ዘነበች ለእንግዳ ክብር ብላ ጠራችኝና ግቢዋ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። ፕሮፌሰሩ ፎቶ አላነሱም።

«እማማ» አሏት፣ «ጠርሙሱን በምንድን ነው የሚያለቀልቁት?»

«በራሱ በወንዙ ውሃ። ሦስት ጊዜ። እንዳስተማረችኝ።»

«ጠላ ይጠምቃሉ?»

ዘነበች ሳቀች። «የማይጠምቅ ማን አለ?»

ፕሮፌሰሩ ከቦርሳቸው ስስ የማጣሪያ ወረቀት አውጥተው በርጩማ ላይ አስቀመጡ። መካከሉ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ነገር አለች። ዘነበች አጎንብሳ አየቻት፤ አሸተተቻት። ፊቷ ተለወጠ።

«ጌሾ ነው» አለች ራሷ።

«ነው። ጠርሙሱ የጠላ ዕቃ ነክቶታል ማለት ነው። ሁለቱም ትልልቅ ቁጥሮች ከዚያ የመጡ ናቸው።»

«ጌታዬ፣ አልነካውም። ለብቻው ነው የማስቀምጠው። በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ።»

«አውቃለሁ፣ ሆን ብለው አይደለም። ግን ይኼ ሥራ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ያለፈውን ሁለት ወር ሁሉ እንዴት አምነን እንጠቀምበታለን?»

ሕይወት መሬት መሬቱን ታያለች። የሁለት ወር ድካሟ ነው። ዘነበች ደግሞ የጎማ ጓንቷን ጣት በጣት አወለቀች። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ልጆቿ ሩቅ ናቸው። ሰው ስምሽ ማን ነው ብሎ የጻፈላት፣ ቀድተሻል ወይ ብሎ የጠበቃት በዚህ ጠርሙስ ምክንያት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ያን ስለማውቅ ነበር የቀናሁት።

ፕሮፌሰሩ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ቅርብ ነዎት አሉኝ። አሥራ ሁለተኛም ጨርሰዋል።»

«ጨርሳለች» አለች ዘነበች። «ጽሕፈቷም ያምራል። ለእሷ ስጧት።» ብላ ሰደርያዋን ማውለቅ ጀመረች። ዚፑ ተያዘባትና ታገለችው። በመጨረሻ በራሷ ላይ አወለቀችው፣ ሻሿም አብሮ ወጣ፣ ሽበቷ ተበተነ። ሰደርያውን አራት ቦታ አጥፋ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ገና ይሞቃል።

ከዚያ በፊት ስንት ቀን ሙሉ የፈለግኩት እሱን ነበር። ልበሺው የሚለኝን ድምፅ በሌሊት ልብሴ ሆኜ ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። አንድ ቃል ባልናገር የእኔ ነበር። ላለመናገር ደግሞ ከእኔ የተሻለ ሰው በአቃቂ ክፍለ ከተማ አይገኝም።

«አተላው የእኔ ነው» አልኩ።

«የቱ አተላ?» አሉ ፕሮፌሰሩ።

«ወንዙ ውስጥ የደፋሁት። ሁለት ሐሙስ። ጠርሙሱ ምንም አልሆነም። እሷ የቀዳችው የነበረውን ነው።»

ሕይወት ቀና ብላ አየችኝ። 

ፕሮፌሰሩ ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ሰውዬው ማስታወሻቸውን አወጡ። «ስንት ሊትር?»

«ሃያ ሃያ።»

«ሰዓቱ?»

«አንደኛው አሥራ ሁለት ሊሆን አምስት ጉዳይ። ሁለተኛው አሥራ ሁለት ከሃያ አምስት።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ጽሕፈት ቤት ነው የሠራሁት» አልኩ።

ሁለቱ ምሁራን ተያዩ። ምን ያህል እንደተደፋ፣ መቼና የት እንደተደፋ፣ ታች መቼ እንደደረሰ ከታወቀ፣ ወንዙ የተሸከመውን በምን ፍጥነት እንደሚያወርድ፣ እየሄደም እንዴት እንደሚቀጥን ይታወቃል አሉ። እንግሊዝኛ ማውራት ጀመሩ። ሕይወት አለቀሰችም ሳቀችም። የዘነበችም ሁለት ወር ዳነ፤ እንዲያውም ዘነበች በደቂቃው ባትቀዳ ኖሮ ይህ ሁሉ አይታወቅም ነበር ተባለ። እንደገና ዘነበች።

ዘነበች ግን እነሱን አልሰማችም። እኔን ነበር የምታየው።

«ለምን?» አለችኝ።

«ቀናሁ።»

«በምኑ?»

ሰደርያውን መለስኩላት። ተቀብላ ለበሰችው፤ ዚፑን እስከ አገጯ ዘጋችው።

«አንቺን ይሰፋሻል» አለችኝ።

ሁለት የማኅበር ቀን ሙሉ አላናገረችኝም። ብርጭቆዬን ትቀዳልኛለች፣ ዓይኔን ግን አታይም። በሬ ለሚያደልበው ሰው አተላዬን በነፃ ከነጄሪካኑ ሰጠሁት። ከድር በበኩሉ ባለፍኩ ቁጥር «እትዬ፣ ዛሬ ወንዙን ምን አጠጡት?» ይላል። አልመልስለትም። ክብሪት ከሌላ ሱቅ መግዛት ጀመርኩ፤ ሌላው ሱቅ ሩቅ ስለሆነ ተመለስኩ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ ቀን ጠዋት የቤቴ በር ተንኳኳ። በቀዳዳው አየሁ። ብርቱካንማ ነው። ወዲያው ከፈትኩ።

«ነይ» አለች ዘነበች። 

ተከትያት ወረድኩ። ሳሎኗ ግድግዳ ላይ ሕይወት ያመጣችላት ካርታ በመስታወት ተሰቅሏል። ወንዙ በሰማያዊ ነው። ከከተማው ወርዶ በእኛ በኩል ያልፋል። መታጠፊያው ላይ ቀይ ነጥብ አለች፤ አጠገቧ የዘነበች ስም ከነአባቷ ተጽፏል።

«እዪ» አለች ዘነበች፣ ጣቷን ከነጥቡ ትንሽ ከፍ አድርጋ። «አንቺም አለሽበት።»

እዚያ ጥቁር ሦስት ማዕዘን አለ። ስም የለውም። «የታወቀ የብክለት ምንጭ» ይላል።

ዘነበች እኔ ምን እንደምል ትጠብቃለች። ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ይዛዋለች፤ ከተጣላን ወዲህ ጥርሷን ያየሁት ያን ጊዜ ነው። ይቅርታ ልጠይቃት ይገባ ነበር። ልጠይቃትም ነው። መጀመሪያ ግን መነጽሬን አውጥቼ አደረግኩና ወደ ካርታው ተጠጋሁ። ነጥቧን አየሁ፣ ሦስት ማዕዘኑን አየሁ፤ እንደገና ነጥቧን አየሁ።

የእኔ ይበልጣል።